ሁለት ባዶ መስመሮች

«አነበብሽው?» አለች ሬዲዮ። ድምጿ የወትሮው አልነበረም። «የዘጠኝ ሰዓቱን መስመር አነበብሽው ወይ?»

ካላንደር አራት ጊዜ አንብባዋለች። ሚኒ ሚዲያ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋው የግድቡ መዝገብ ኮፒ ቢደበዝዝም የእጅ ጽሑፉ ፍንትው ብሎ ይነበባል። «9 ሰዓት፦ ውሃው ቀዩን መስመር አልፏል። ለሳይረን ሠራተኛው በስልክ ተነግሯል።» ከጎኑ ጅራቱ ወደ ላይ ታጥፎ መልሶ ራሱን የሚቆርጥ ፊርማ አለ። ካላንደር ይህንን ፊርማ በየመንፈቅ ዓመቱ ሪፖርት ካርዷ ላይ ታየዋለች። የአባቷ ነው።

«ተነግሯል ይላል!» አለች ሬዲዮ፣ ጣቷን ቃሉ ላይ ተክላ። «እኔ ደግሞ እንደ ፋራ አባቴን አምኜ... ‹ስልኩ አልጮኸም ልጄ፣ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ አልጮኸም› ሲለኝ እኮ አብሬው ነው የማለቅሰው። መዝገቡን እንዲሰጡን ቲቸርን ደብዳቤ ጻፉልኝ ብዬ ሦስት ሳምንት የለመንኩት ለዚህ ነው?»

ካላንደር ኮፒውን ወደ ራሷ ሳበችው።

በዚህ ትምህርት ቤት ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው የስም ጥሪ ወረቀት ብቻ ነው። አንዷ አፏ ስለማያርፍ ሬዲዮ ተባለች፤ ሌላዋ የሰው ሁሉ የልደት ቀን ጭንቅላቷ ውስጥ ስለሚቀመጥ ካላንደር። ሁለቱ ተደምረው ደግሞ በየጠዋቱ ከሰልፍ በኋላ የሚተላለፈው «ቀኑ ምን ይላል?» የሚባለው ዝግጅት ይሆናሉ። ካላንደር ታዘጋጃለች፣ ሬዲዮ ታነባለች። በዛሬው ዕለት አንድ የከዋክብት ተመራማሪ ተወለደ፤ በዛሬው ዕለት አንድ ትልቅ መርከብ ሰጠመ፤ በዛሬው ዕለት ደግሞ የዘጠነኛ ቢው ቀጮ ተወለደ፣ እንኳን ተወለድክ! ተማሪው ስለ መርከቡ ግድ ባይሰጠውም ልደት ሲነበብ ጆሮውን ያቆማል።

ክበቡን ያቋቋሙት የታሪክ መምህሩ አንድ ሕግ አላቸው፤ ሁለት ወረቀት ያልመሰከረለት ነገር ማይክ አይነካም። «ከአፍ የሰማችሁትን ለጎረቤታችሁ ንገሩ» ይላሉ። «እዚህ ግን ሁለት ወረቀት!» የቀጮ ልደት እንኳ የልደት የምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ ተመሳክሮበት ነው የተነበበው።

ነገ ግን ከባድ ቀን ነው። የዛሬ አስራ አምስት ዓመት፣ በነገው ዕለት፣ ከከተማው በላይ ያለው ግድብ ሞልቶ ፈሰሰና የታችኛውን ሰፈር ጠራርጎ ወሰደው። ሁለት ሰው ሞተ። የግድቡ ጠባቂ ሥራ በየሰዓቱ የውሃውን መለኪያ እያየ መዝገብ ላይ መጻፍ፣ ውሃው ቀዩን መስመር ሲነካ ደግሞ ማዘጋጃ ቤት ሰገነት ላይ ለሚቀመጠው የሳይረን ሠራተኛ መደወል ነው። ሳይረኑ ሲጮህ ሰው ወደ ዳገቱ ይሮጣል። የዚያን ዕለት ግን ሳይረኑ የጮኸው ውሃው የሰው ደጃፍ ከገባ በኋላ ነበር።

የግድቡ ጠባቂ የካላንደር አባት ነው። የሳይረን ሠራተኛው የሬዲዮ አባት ነበሩ። አንደኛው ሚስቱ ምጥ ላይ ሆና እንኳ ከግድቡ ንቅንቅ አላለም ተብሎ የምስጋና ወረቀት ተሰጠው፤ ወረቀቱ እስከ ዛሬ ሳሎን ተሰቅሏል። ሌላው ተኝተው ነው ተባሉና ከሥራ ተባረሩ። አሁን ከትምህርት ቤቱ በር ማዶ የብስክሌት ጎማ ይለጥፋሉ። ከተማው «እንቅልፌ» ይላቸዋል። ገና አፍ የፈቱ ልጆች ሳይቀሩ «እንቅልፌ፣ ሳትተኛ ጨርስልኝ» ብለው ሲስቁባቸው አብረው ይስቃሉ። ሬዲዮ ግን አንድም ቀን ስቃ አታውቅም።

በዚያ ምጥ የተወለደችው ካላንደር ናት። ነገ አስራ አምስት ዓመቷን ትይዛለች። አባቷ ደግሞ የክብር እንግዳ ሆኖ ሰልፉ ፊት ማይክ ሊይዝ ተጋብዟል።

«ነገ አነበዋለሁ» አለች ሬዲዮ ኮፒውን እያጣጠፈች። «እንዳለ። የአባቴን ስም ሳልዘል።»

«ሬዲዮ፣ ድምጽ ማጉያው እኮ መንገዱን ተሻግሮ ይሰማል። አባትሽ ጎማቸውን እየለጠፉ...»

«ይስማ! ለዚህ አይደል የማነበው? መዝገቡ አለ፣ የዚያን ሳምንት ጋዜጣም እንደዚሁ ይላል። ሁለት ወረቀት። ቲቸርም አይከለክሉኝም።» አይኖቿ ቀልተዋል። «ማታ እቤት አልገባም። አክስቴ ጋ ነው የማድረው። ፊቱን እንዳላይ።»

በሩን በኃይል ዘጋችው። ማይክ የተሰቀለበት ብረት ለትንሽ ጊዜ ተንቀጠቀጠ።

ካላንደር ብቻዋን ቀረች። የእሷም ልደት ነገ ስለሚነበብ ሕጉ እሷንም ይመለከታል፤ ጠዋት ከእናቷ የሰነድ ሳጥን ውስጥ አንድ ያረጀ ፖስታ ይዛ መጥታለች። እጇን ሥራ ለማስያዝ ያህል ከፈተችው። የክትባት ካርዷ ወጣ። ከካርዱ ጀርባ እርጥበት ያጣበቀው ሌላ ወረቀት አለ። በጥፍሯ ቀስ ብላ ላጠችው።

የቀዶ ሕክምና የፈቃድ ወረቀት ነው።

እናቷ ይህን ታሪክ ስትነግራት ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ምጡ ጠንቶባት ራሷን ሳተች፤ ካልተቀደደች እናትም ልጅም አይተርፉም ተባለ፤ ወንድሟ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፈርሞ አተረፋቸው። «አባትሽማ ግድቡን ጥሎ የት ይመጣል!» ትላለች፤ ስትለው ደግሞ አንገቷ ቀና ይላል።

ወረቀቱ ላይ ግን «ፈቃድ ሰጪ፦ ባል» ይላል። «ሰዓት፦ 8፡40።» ከሥሩ ጅራቱ ወደ ላይ ታጥፎ መልሶ ራሱን የሚቆርጥ ፊርማ አለ።

ካላንደር ክው አለች። ልጅቷ ቀንና ሰዓት ማስላት ሥራዋ ነው፤ ባትፈልግም ጭንቅላቷ ራሱ አሰላው። ከግድቡ እስከ ሆስፒታሉ በብስክሌት ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በስምንት ከአርባ ሆስፒታል የፈረመ ሰው በዘጠኝ ግድቡ ላይ ሆኖ መለኪያ አያነብም። ስልክም አይደውልም።

ስልኩ አልጮኸም ማለት ነው።

ቀድዳ ብትጥለው ማን ያውቃል? አጎቷ ሞቷል። እናቷ ሳጥኗን ከፍታ አታይም። ሬዲዮ ነገ ታነባለች፣ ተማሪው ያጨበጭባል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሌላ ቀን ነው፣ ሌላ መርከብ ይሰጥማል። ወረቀቱን ጫፍና ጫፍ ይዛ ትንሽ ቆየች። ከዚያ አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

ቤት ስትደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። አባቷ ግቢው ውስጥ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ለነገ ጫማውን ይቦርሻል። ከውስጥ የካውያ ሽታ ይመጣል፤ እናቷ ሸሚዙን እየተኮሰች ታንጎራጉራለች።

«አባዬ፣ ነገ ምን ልትል ነው?»

«ያው እንደ ሁልጊዜው ነዋ» አለ ቀና ሳይል። «‹ግዴታዬን ነው የተወጣሁት› እላለሁ፣ እናንተ ታጨበጭባላችሁ። ልደትሽንም አልረሳም፣ አትፍሪ።»

ካላንደር ወረቀቱን አውጥታ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። ብሩሹ ጫማው ላይ እንዳለ ቆመ።

«ከየት አገኘሽው?» አለ።

«ከእማዬ ሳጥን።»

«እሷ አየችው?»

«አላየችም።»

በመስኮቱ በኩል ወደ ውስጥ አየና ድምጹን ዝቅ አደረገ። «አጎትሽ ነው የመጣው፣ በብስክሌት፣ እያለከለከ። ‹ባል ካልፈረመ አንነካትም ብለዋል፣ እየሞተች ነው› አለኝ። ተረኛው ጓደኛዬ ታሞ ቀርቷል፣ ብቻዬን ነኝ። መለኪያውን አየሁት፤ ለቀዩ መስመር አንድ ክንድ ሙሉ ይቀረዋል። ሄጄ እመለሳለሁ አልኩ። አንድ ክንድ ውሃ በአንድ ሰዓት ይሞላል ብዬ እንዴት ልገምት?» ብሩሹን ከጫማው አጠገብ አስቀመጠ። «ስመለስ መለኪያው ራሱ አይታይም። ስልኩን አነሳሁት፣ ድምጽ የለውም። ምሰሶው ወድቋል።»

«መዝገቡስ?»

«አስራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ኃላፊዎቹ መዝገቡን ሊወስዱ እየመጡ ነው ተባለ። ከፈትኩት። የዘጠኝና የአስር ሰዓት መስመሮች ባዶ ናቸው። ሁለት ባዶ መስመሮች።» በአውራ ጣቱ የወረቀቱን ጠርዝ ደጋግሞ አሸው። «ሞላኋቸው። የሳይረኑን ሰውዬ ማስጠንቀቂያ ይሰጡታል እንጂ ያባርሩታል አላልኩም። ሰው መሞቱንም ያኔ አልሰማሁ። በማግስቱ ስሰማ ምላሴ ተሳሰረ።»

«አስራ አምስት ዓመት ሙሉ፣ አባዬ?»

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? አንድ ቀን ዝም አልኩ። አንዱ ቀን ሳምንት ሆነ። ከዚያ የምስጋና ወረቀቱን አምጥተው ሲሰቅሉልኝ መዶሻውን አቀበልኳቸው።»

ካላንደር ልታቅፈውም ፈለገች፣ ልትጮህበትም ፈለገች። «ሬዲዮ ነገ መዝገቡን ማይክ ላይ ልታነበው ነው። አባቴ ውሸታም ነው ብላ እቤት አልገባም ብላለች። ሄደህ ንገራቸው። ዛሬ፣ አሁን።»

«አሁን?» አባቷ ደነገጠ። «ጡረታዬ እኮ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ያኔ ራሴ ሄጄ... ደግሞ ሰውዬው ለምዶታል፣ ልጄ። ሲጠሩት ይስቃል እኮ።»

«ስለሚስቁ ለምደውታል ማለት ነው?» ድምጿ ከፍ አለ። ከውስጥ ያለው እንጉርጉሮ ተቋረጠ።

አባቷ ቀና ብሎ አያት። ፊቱ በአንዴ ያረጀ መሰላት። «ያን ዕለት ሄጄ ባልፈርም ኖሮ፣ አንቺ ዛሬ እዚህ ቆመሽ አትጠይቂኝም ነበር።»

እውነቱን ነው። ያናደዳትም እውነት መሆኑ ነው፤ እሱ የፈረመው ሕይወቷን ለማዳን ነው።

ወረቀቱን መለሰላት። «የፈለግሽውን አድርጊ፣ አልከለክልሽም። እኔ ግን አፌ የሚከፈትልኝ አይመስለኝም።»

ሳሎን ስትገባ እናቷ የተተኮሰውን ሸሚዝ በትከሻው ይዛ አነሳችላት። «እይማ፣ የጀግና ሸሚዝ! ምንድነው ፊትሽ እንዲህ የሆነው? ነገ ልደቱ የሆነ ሰው ያኮርፋል?» ካላንደር ፈተና አለብኝ ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። የትኛው ትምህርት እንደሆነ እናቷ ስላልጠየቀቻት ተመስገን አለች።

በማግስቱ ቁርስ ሳትበላ ወጣች። ሰልፍ የሚጀመረው በሁለት ሰዓት ነው፤ እሷ አንድ ተኩል ሳይሞላ ጎማ መለጠፊያው ደጃፍ ቆማ ነበር። እዚህ ስትመጣ የምትለውን በመንገድ ላይ ሦስት ዓይነት አድርጋ አዘጋጅታ ነበር፤ ስትደርስ ሦስቱም ጠፉ።

የሬዲዮ አባት አንድ የውስጥ ጎማ ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ነክረው የተበሳበትን ይፈልጋሉ። ቀና ሲሉ ፈገግ አሉ። «ካላንደር! ጎማሽ የታለ?»

«ጎማ የለኝም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ልለጥፍልሽ?» ሳቅ አሉና ወዲያው ፊታቸው ጠቆረ። «ልጄ ልካሽ ነው እንዴ? ማታ እኮ አልገባችም። እህቴ እኔ ጋ ናት ብላ ባትደውልልኝ ኖሮ ሳብድ ነበር። ምን አድርጌያት ነው? ነግራሻለች?»

ካላንደር ኪሷ ውስጥ ያለውን ወረቀት ጨበጠችው። አሁን «ሰላም ልልዎት ነው» ብላ መሄድ ትችላለች። እግሯም ሂጂ ሂጂ ይላታል። አባቷ ትናንት ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ያያት አስተያየት ፊቷ ድቅን አለባት። ከሥራው ያባርሩታል። ምናልባት ይከሱታል። እንቅልፌ የሚለው ከተማ ለእሱም ስም አያጣለትም፤ ስሙ ደግሞ ለእሷም ይተርፋል።

አውጥታ ሰጠቻቸው።

እጃቸውን ቱታቸው ላይ ጠረጉ፣ ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው ያዙና ፊደል እንደሚቆጥር ሰው ቀስ ብለው አነበቡ። ሰዓቱ ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸው ቆመ። ጎማው ሳፋው ውስጥ አረፋ ይተፋል።

«ይሄ ያባትሽ ፊርማ ነው?»

«ነው።»

«ስምንት ከአርባ።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

አልጮኹም፣ አልተሳደቡም። በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ። «እንደዋሸ አውቃለሁ» አሉ። «ስልክ አለመጮኹን ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ለምን እንደሆነ ነበር የማላውቀው። አስራ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ምን አድርጌው ነው ይህን ያህል የጠላኝ እያልኩ ስብሰለሰል...» ቀና ብለው ካላንደርን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያይ ሰው አዩዋት። «ለካ አንቺ ነሽ።»

ካላንደር እንባዋ መጣ። «ይቅርታ» አለች፣ ለምን እንደምትል ሳታውቅ።

«አንቺማ ምን አደረግሽ? ገና ያልተወለደ ልጅ ምን ያጠፋል?» አፍንጫቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። «ሚስቴ ሳታምነኝ ነው የሞተችው። ‹ደክሞህ ይሆናል እኮ፣ ሸለብ አድርጎህ ይሆናል› ትለኝ ነበር። በፍቅር ነው የምትለኝ። እሱ ነው የባሰው።»

ከማዶ ድምጽ ማጉያው ጓ አለ። «አንድ፣ ሁለት፣ ማይክ ሙከራ» የሚል የሬዲዮ ድምጽ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። አባትየው ሰምተው ብድግ አሉ።

«መዝገቡን ልታነበው ነው» አለች ካላንደር ቶሎ ቶሎ። «የአባዬን ጽሑፍ አይታ እርስዎ የዋሿት መስሏት ነው። እባክዎ ቀድመው ይድረሱባት። ወረቀቱን ይያዙት።»

ቱታቸውን አውልቀው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉ። ወረቀቱን እንደ እንቁላል በሁለት እጃቸው ይዘው መንገዱን ሊሻገሩ ሲሉ ቆም አሉና ዞር አሉ። «አባትሽስ?»

«እቤት ነው።»

«ንገሪው...» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንጃ። የምለውን ስንት ዓመት ሳዘጋጅ ኖሬ ዛሬ ጠፋኝ።»

ተሻገሩ። ዘበኛው በሩን ሲከፍትላቸው አየች። የሰልፉ ደወል ሊደወል ሃያ ደቂቃ ይቀራል። ካላንደርም ልትከተላቸው አንድ እርምጃ ሄደች፤ ሬዲዮ ወረቀቱን ስታይ ማየት ትፈልጋለች። ግን አባቷ ብቻውን፣ ምንም ሳያውቅ፣ በዚያ በተተኮሰ ሸሚዝ የትምህርት ቤቱን በር ሲያልፍ ታያት። ዞራ ወደ ቤት መሮጥ ጀመረች።

ግቢው ስትገባ አባቷ ለባብሶ ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። ጃኬቱ ጉልበቱ ላይ ነው። እናቷ በሩ ላይ ተደግፋ ቆማለች፤ ዓይኖቿ አብጠዋል።

«ለእናትሽ ነገርኳት» አለ አባቷ።

«እኔም ወረቀቱን ሰጠኋቸው» አለች ካላንደር ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ለሬዲዮ አባት። አሁን እሷ ጋ ሄደዋል።»

አባቷ ዓይኑን ጨፈነ። የተቆጣ አልመሰላትም። የፈራ ነው የመሰላት፤ አባቷን ፈርቶ አይታው አታውቅም።

«ትምህርት ቤት ሂጂ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ይረፍድብሻል።»

«አንተን ይዤ ነው የምሄደው።»

«ምን ብዬ ነው እዚያ ሰው ፊት የምቆመው?»

«እኔም አላውቅም። ግን ሌላ ሰው ከሚናገርልህ አንተው ብትናገር ይሻላል። አጠገብህ እቆማለሁ።»

ሊነሳ አለና መልሶ ተቀመጠ። እናቷ ከበሩ ላይ «ተነስ በቃ» አለችው፣ በለሆሳስ። በሁለተኛው ተነሳ። ካላንደር ጃኬቱን ከእጁ ተቀብላ ከኋላው ዘረጋችለት። አንድ እጁን አስገባ። ሁለተኛው እጁ እጅጌውን ሲስት፣ ጃኬቱን እንደዘረጋች ጠበቀችው።